ሕግ፣ ባቡርና ጫካ፦ በዋሽንግተን ዙሪያ ለጌይ ኢትዮጵያዊ የሚመች ከተማ አመራረጥ

ከወሎ፣ ማለትም ከመካነ ሰላም፣ ከአጅባር፣ ከአቀስታ ወይም ከወግዲ ወጥተው ዋሽንግተን አካባቢ የሚኖሩ፣ ጌይ ወይም ሌዝቢያን የሆኑ ሰው ከሆኑ፣ ቤት ሲፈልጉ ሁለት ዓይነት ምክር ይደርስዎታል። የሀገር ልጅ «ሐበሻ የሚበዛበት ይግቡ፤ ሥራም ቤትም የሚገኘው በሰው ነው» ይልዎታል። ማንነትዎን የሚያውቅ ፈረንጅ ወዳጅ ደግሞ የቀስተ ደመና ባንዲራ የተሰቀለበትን የመሀል ከተማ ሰፈር ያሳይዎታል። የመጀመሪያው ምክር ከብቸኝነት ያድናል፤ ሰላም ግን ይነሳል። ሁለተኛው ሰላም ይሰጣል፤ ኪራዩ ግን አይቀመስም፣ ደጋ ለለመደ ሰውም ጩኸቱና አስፋልቱ ይከብዳል። የዚህ መመሪያ ሐሳብ ከሁለቱም ይለያል። የሚመች ከተማ የሚለካው በርቀት ነው፦ ጥበቃውን በጽሑፍ ያስቀመጠ ሕግ የሚሠራበት፣ ባቡሩ ከሥራ ሰዓትዎ ጋር የሚገጥም፣ ለለቅሶና ለሰርግ የሚደርሱበት ሆኖ በየቀኑ ግን ከሀገር ልጅ ዓይን ወጣ ያለ። ጫካና ወንዙ አራተኛ ሆኖ ይመጣል፤ ብዙ ሰው ግን ምርጫውን የሚጀምረው ከእሱ ነው፣ የሚሳሳተውም እዚያ ላይ ነው። ከዚህ በታች «ዓ.ም.» ከተባሉት የሀገር ቤት ዓመታት ውጭ የተጠቀሱት ዓመታትና ወራት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከመነሻው፦ ለምን መካነ ሰላም ራሷ አልሆነችም

በተፈጥሮ ብቻ ቢለካ ኖሮ ይህን ጽሑፍ መጻፍም ባላስፈለገ። መካነ ሰላም በ2,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተቀመጠች ደጋ ናት፤ የደንቆሮን ጫካ የሚያቅፈው የቦረና ሳይንት ወረሂመኖ ብሔራዊ ፓርክ የሚገኘው በዚሁ አካባቢ ነው። ጭላዳው በገደሉ አፋፍ ሣር ይነጫል፤ ከፍ ሲሉ አስታና ጅብራ ይታያል፤ ቀይ ቀበሮም በዚያው ደጋ ይኖራል። በምዕራብ በኩል መሬቱ ወደ አባይ ሸለቆ ይወርዳል። ሆኖም በመካነ ሰላምና በደሴ መካከል ያለው መንገድ 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ ጠዋት ወጥቶ ማታ ለመመለስ የሚሆን አይደለም። ይህ ቢቃለል እንኳ ዋናው እንቅፋት ሌላ ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 629 በአንድ ጾታ ሰዎች መካከል የሚፈጸምን የፍትወት ድርጊት በቀላል እስራት ያስቀጣል፤ አንቀጽ 630 ደግሞ ከባድ ናቸው በሚላቸው ሁኔታዎች ቅጣቱን ወደ ዓመታት ጽኑ እስራት ያሳድገዋል። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የአዲስ አበባ የሰላምና ጸጥታ ቢሮ እንዲህ ያለ ድርጊት ይፈጸምባቸዋል ባላቸው ሆቴሎችና መጠጥ ቤቶች ላይ እርምጃ እየወሰደ መሆኑን አስታውቋል፤ በዚያው ሰሞን በቲክቶክ የሰዎችን ስምና ፎቶ እያወጡ ጥቃት የሚጠሩ ቪዲዮዎች ተሰራጭተዋል።

«የወሎ ሰው እስላም ክርስቲያን ሳይል በአንድ ቅሬ የሚቀባበር፣ እንግዳ የሚወድ ሕዝብ ነው፤ ሕጉ ምን ያደርጋል?» የሚል ይኖራል። የመቻቻሉ ታሪክ እውነት ነው። ነገር ግን መቻቻሉ የሚሸፍነው ጎረቤት የሚያውቀውን ልዩነት ነው፤ ይኸኛው ልዩነት ሲታወቅ ፖሊስ ሊጠራበት ይችላል። ጎረቤት ደግ ቢሆንም አንድ የተጣላ ሰው ክስ ሊያቀርብ የሚችልበት ቦታ ላይ ሰላም የሚቆመው በሰዎች ፈቃድ ላይ ነው። ስለዚህ በኢትዮጵያ ውስጥ አንድን ከተማ ጠርቶ «እዚህ ይመቻችኋል» ማለት ሰውን ወደ አደጋ መምራት ነው። እዚያው ያሉ ሰው ከሆኑ ማንም የሚያዘዋውረውን «ሰላማዊ ቦታዎች» የሚል ዝርዝር አይመኑ፤ ዝርዝሩ ወዳጅ እጅ ሊገባ እንደሚችል ሁሉ አሳዳጅም እጅ ይገባል። የሚከተሉት ደረጃዎች የተጻፉት ከወጡ በኋላ ምርጫ ላላቸው ነው።

ደረጃ 1፦ ከተማውን ከማየትዎ በፊት የስቴቱን ሕግ ያንብቡ

የዋሽንግተን ዙሪያ ሦስት ሕግ ያለበት አካባቢ ነው፦ ዋሽንግተን ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ። አንድ ድልድይ መሻገር ሕግ መለወጥ ማለት ነው። ዲሲ የተመሳሳይ ጾታ ጋብቻን በ2010 መፈጸም ጀመረች። ሜሪላንድ በኅዳር 2012 ለሕዝብ ድምፅ አቅርባ አጽድቃ ከጥር 1 ቀን 2013 ጀምሮ ሥራ ላይ አዋለችው። ቨርጂኒያ ግን በ2006 ጋብቻ በአንድ ወንድና በአንዲት ሴት መካከል ብቻ ነው የሚል አንቀጽ በሕገ መንግሥቷ ጽፋ ነበር፤ በሩ የተከፈተው በ2014 በፌዴራል ፍርድ ቤት ውሳኔ ነው። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በሰኔ 2015 ጋብቻውን በመላ አገሪቱ ፈቀደ፤ በሰኔ 2020 ደግሞ ሠራተኛን በጾታዊ ዝንባሌው ምክንያት ማባረር ሕገ ወጥ ነው አለ። በስቴት ደረጃ ሜሪላንድ በሥራ፣ በመኖሪያ ቤትና በአገልግሎት በጾታዊ ዝንባሌ ማድላትን ከ2001 ጀምሮ፣ በጾታ ማንነት ማድላትን ደግሞ ከ2014 ጀምሮ ትከለክላለች። ቨርጂኒያ ተመሳሳይ ሕግ ያወጣችው በ2020 ነው፤ እንዲህ ያለ ሰፊ ጥበቃ ካወጡት የደቡብ ስቴቶችም የመጀመሪያዋ ሆናለች።

እነዚህን ቀኖች ማወቁ ለታሪክ ብቻ የሚጠቅም ይመስላል፤ ነገር ግን ጥበቃው ከየት እንደመጣ ያሳያሉ። በሕዝብ ድምፅ የጸደቀ ሕግ ፖለቲካው ቢዞርም ቶሎ አይነቀልም፤ በፍርድ ቤት ውሳኔ ብቻ የቆመ ጥበቃ ግን በሌላ ውሳኔ ሊናጋ ይችላል። «የአሜሪካ መንግሥት በየአራት ዓመቱ ፊቱን ይለውጣል፣ የትም ብንሆን ምን ለውጥ አለው?» ለሚሉት መልሱ ይኸው ነው፦ የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ለቤት ተከራይ የሚሰጡት ትርጓሜ ከአስተዳደር አስተዳደር ስለሚለዋወጥ ነው የስቴቱና የካውንቲው ሕግ የሚፈለገው። ከስቴቱ ቀጥሎ ከተማውን ይዩ። ሂዩማን ራይትስ ካምፔይን የተባለው ድርጅት ከ2012 ጀምሮ የከተሞችን ሕግና አሠራር እየመዘነ ከ100 ነጥብ ይሰጣል። ነጥቡን እንደ ፍርድ አይውሰዱት፤ ትንንሽ ከተሞች በዝርዝሩ ላይኖሩ ይችላሉ፣ የከተማ አስተዳደር ነጥብም የጎረቤትን ጠባይ አይለካም። የሚጠቅመው ምን ምን መጠየቅ እንዳለብዎ ስለሚያሳይ ነው፦ ፖሊስ የጥላቻ ወንጀልን ይመዘግባል ወይ? ከተማው የሰብአዊ መብት ኮሚሽን አለው ወይ?

ደረጃ 2፦ የሚከራዩት ቤት ሕጉ የሚደርስበት መሆኑን ያረጋግጡ

አብዛኛው አዲስ መጪ የሚገባው በአፓርታማ ውል አይደለም። የሀገር ልጅ ቤት ገዝቶ ቤዝመንቱን ወይም አንድ ክፍል ያከራያል፤ ውሉ በቃል ነው፣ ወጥ ቤቱና መግቢያው የጋራ ነው፣ እሑድ ከሰዓት ቡና አለ። ኪራዩ ይቀንሳል፣ የብድር ታሪክም አይጠየቅም። ነገር ግን የሜሪላንድ የመኖሪያ ቤት ሕግ ባለቤቱ ራሱ ዋና መኖሪያው አድርጎ በሚኖርበት ቤት ውስጥ ክፍል ሲያከራይ በጾታዊ ዝንባሌ ማድላትን የሚከለክለውን ድንጋጌ ተፈጻሚ አያደርግም፤ ባለቤቱ የሚኖርበትና ከአምስት የማይበልጡ የሚከራዩ ቤቶች ያሉት ሕንፃም እንዲሁ ነው። ቨርጂኒያም ለትንንሽ ባለቤት-ነዋሪ ቤቶች የምታደርገው ልዩ ሁኔታ አላት። አንዳንድ ካውንቲ ይህን ክፍተት በራሱ ሕግ ሊያጠብበው ይችላል፤ ስለዚህ ለካውንቲው የሰብአዊ መብት ቢሮ ደውለው ይጠይቁ። በጥቅሉ ግን ነገሩ እንዲህ ነው፦ በስቴቱ ሕግ ሙሉ ጥበቃ ባላት ሜሪላንድ ውስጥ ሆነው፣ ጥበቃው በማይደርስበት ክፍል ሊተኙ ይችላሉ። አከራይዎ ስልክዎ ላይ አንድ ፎቶ አይቶ በወሩ መጨረሻ «ክፍሉን ለዘመድ እፈልገዋለሁ» ቢልዎ በስቴቱ ሕግ የሚሄዱበት ቢሮ የለም።

ስለዚህ ከሁለት ቤቶች አንዱን ሲመርጡ፣ ጠበብ ያለ ቢሆንም በኩባንያ የሚተዳደር አፓርታማ ከሰፊ ቤዝመንት ይሻላል፤ በተለይ መግቢያው የራስዎ ከሆነ። «ገንዘቡስ?» ለሚለው ተገቢ ጥያቄ ሁለት መውጫ አለ። አንደኛው የኪራይ ጭማሪን በሕግ የሚገድቡ ከተሞችን መፈለግ ነው፤ የሜሪላንዷ ታኮማ ፓርክ ከ1981 ጀምሮ ትገድባለች፣ ሞንትጎመሪ ካውንቲም በ2023 የራሱን ገደብ አውጥቷል። ሁለተኛው ከማንነትዎ ጋር ችግር ከሌለው ሰው ጋር በአንድ ውል በስማችሁ መከራየት ነው። በውሉ ላይ ስምዎ መኖሩ ከደባልነት ወደ ተከራይነት ያሸጋግርዎታል፤ ሕጉ የሚያውቀውም ተከራይን ነው።

ደረጃ 3፦ መንገዱን በፈረቃዎ ይለኩ

ካርታ ላይ የሚታየው «40 ደቂቃ» ለቢሮ ሠራተኛ የተጻፈ ነው። ከሀገር ልጆች ብዙው ግን የሚሠራው በፓርኪንግ፣ በሆስፒታል፣ በአረጋውያን መጦሪያ፣ በታክሲና በአየር ማረፊያ ነው፤ ፈረቃው ሌሊት ይገባል፣ ሲነጋ ይወጣል፣ ቅዳሜና እሑድን አያውቅም። ይህን ካልቆጠሩ በጣም የሚያምር ከተማ ሊያታልልዎት ይችላል። ፍሬድሪክ ጥሩ ምሳሌ ናት። ከዋሽንግተን ወደ 75 ኪሎ ሜትር ትርቃለች፣ የካቶክቲን ተራሮች ከጀርባዋ ናቸው፣ ማርክ የተባለው ባቡርም ይደርሳታል። ባቡሩ ግን የሚሄደው በሥራ ቀናት ብቻ ነው፦ ጠዋት ወደ ዋሽንግተን፣ ከሰዓት በኋላ ወደ ፍሬድሪክ። የሌሊት ፈረቃ ላለበት ነርስ ረዳት ይህ ባቡር እንደሌለ ይቆጠራል። በመኪና ልሂድ ካሉም የጠዋቱ መጨናነቅ፣ ቤንዚኑና የክረምት በረዶው አንድ ላይ ይቆጠራሉ።

የሜትሮ መስመር ላይ ያለ ከተማ ለፈረቃ ሠራተኛ ይሻላል፤ ሜትሮም ቢሆን ግን ሌሊቱን ሙሉ አይሠራም። በሥራ ቀን በእኛ አቆጣጠር ከንጋቱ 11 ሰዓት ገደማ ይጀምራል። ከንጋቱ 11 ሰዓት ሥራ ላይ መገኘት ያለበት ሰው ሜትሮ ጣቢያ አጠገብ መኖሩ ለመሄጃ አይረዳውም። ስለዚህ ወረቀት ላይ አራት ነገር ይጻፉ፦ ሥራ የሚገቡበትን ሰዓት፣ የሚወጡበትን ሰዓት፣ በዚያ ሰዓት የሚሠራውን ባቡር ወይም አውቶቡስ፣ ከጣቢያው እስከ ቤት በጨለማ የሚሄዱትን መንገድ። አራተኛው የደኅንነት ጉዳይ ነው። የእግር መንገዱ ጫካ ውስጥ የሚያልፍ ከሆነ በቀን ያስደስታል፤ በሌሊት ለብቻ የሚሄዱበት ከሆነ ግን ሌላ መንገድ ያስፈልግዎታል።

ደረጃ 4፦ ከሀገር ልጆች የሚኖርዎትን ርቀት አስቀድመው ይወስኑ

ይህ ደረጃ በፈረንጆቹ መመሪያ ውስጥ የለም፤ ለእኛ ግን ከሁሉ የከበደው ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ፣ አሌክሳንድሪያና በዙሪያቸው ያሉት ሰፈሮች ኢትዮጵያውያን የሚበዙባቸው ናቸው፤ ሞንትጎመሪ ካውንቲ በ2012 ከጎንደር ጋር የእህትማማችነት ስምምነት እስከመፈራረም ደርሷል። እንጀራው፣ ቤተ ክርስቲያኑ፣ መስጊዱ፣ ፀጉር ቤቱ፣ ገንዘብ መላኪያው እዚያ ነው። የወሬው መስመርም እዚያው ነው። መካነ ሰላም ገበያ ላይ አንድ እንግዳ ሲታይ «የማን ልጅ ነው?» እንደሚባለው፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ካፌ ውስጥም ይጠየቃል፤ ልዩነቱ መልሱ በዋትስአፕ በደቂቃ ውስጥ መካነ ሰላም መድረሱ ነው። ለብዙዎች ትልቁ ፍርሃት እዚህ ያለው ጎረቤት ምን ያደርገኛል የሚለው ሳይሆን፣ እዚያ ያለችው እናቴ በሰው አፍ ትሰማለች የሚለው ነው።

«እንግዲያው ከሐበሻ ጨርሶ መራቅ ነዋ!» የሚል መደምደሚያ ግን አይከተልም። ጨርሶ የራቁ ሰዎች የሚያጡት ቀላል አይደለም፦ ለቅሶ የሚደርስ፣ ሲታመሙ አጥሚት ይዞ የሚመጣ፣ ቋንቋ የሚያወራ። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል የሚባለውም በከንቱ አይደለም። የሚሻለው መሀሉ ነው፤ በመኪና ወይም በባቡር ግማሽ ሰዓት አካባቢ። በዚህ ርቀት ለሰርግ፣ ለክርስትና፣ ለዒድ፣ ለለቅሶ ይደርሳሉ፤ ሲፈልጉ ሄደው እንጀራ ይገዛሉ። ነገር ግን ቤትዎ ማን እንደገባ፣ መኪናዎ አጠገብ የማን መኪና እንዳደረ፣ ማንም በመንገዱ አልፎ አያይም። «ይህ መደበቅ ነው፤ ለመደበቅ ከሆነ ምን ወጣን?» ለሚሉት፦ መደበቅ ማለት መናገር የማይችሉበት ሁኔታ ነው። ርቀቱ የሚሰጥዎ ለማን፣ መቼ፣ በምን ቃል እንደሚናገሩ የመወሰን መብት ነው። ለእናትዎ ራስዎ መንገርና ከወሬ መስማቷ አንድ አይደለም።

ሃይማኖተኛ ከሆኑ ይህ ደረጃ ይበልጥ ያስፈልግዎታል። የሚያስቀድሱበት ደብር ወይም የሚሰግዱበት መስጊድ ከቤትዎ ራቅ ያለ ቢሆን፣ ጸሎትዎን ጎረቤት ከሚያደርገው ቁጥጥር ለይተው ይይዛሉ። ማንነትዎን በግልጽ ለሚያወሩበት ደግሞ ሌላ ወዳጅ ይፈልጉ። ዋሽንግተን ዲሲ ከ1991 ጀምሮ በግንቦት መጨረሻ የጥቁሮች ፕራይድ በዓል ይከበርባታል፤ ከሀገሪቱም የመጀመሪያው ነው። ከኢትዮጵያውያን በኩል ደግሞ ሃውስ ኦፍ ጉራማይሌ የተባለው በውጭ ያሉ የሀገር ልጆች የመሠረቱት ድርጅት ስለ ጉዳዩ በይፋ የሚናገር ነው።

ደረጃ 5፦ ተፈጥሮውን በሚጠቀሙበት መጠን ይመዝኑ

የሳይንትን ገደል ለሚያውቅ ሰው እዚህ ያለው «ተራራ» ያስቃል። ከዋሽንግተን ሰሜን ምዕራብ ያለው ሹገርሎፍ 391 ሜትር ብቻ ነው፤ በሼናንዶዋ ብሔራዊ ፓርክ ያለው ከፍተኛው ጫፍ ሐክስቢል እንኳ 1,235 ሜትር ስለሆነ ከመካነ ሰላም ከፍታ ግማሹን አይደርስም። ሐምሌና ነሐሴም እንደ ደጋችን ጭጋግና ዝናብ ሳይሆን ሙቀትና ወበቅ ነው። ስለዚህ የሀገር ቤቱን መልክዓ ምድር አይፈልጉ፤ አያገኙትም። የሚፈልጉት ከሥራ ሲመለሱ ሳይነዱ የሚገቡበት ጫካ ነው። በሳምንት አራት ቀን በእግር የሚደርሱበት ትንሽ ወንዝ በዓመት ሁለት ጊዜ ከሚያዩት ትልቅ ተራራ ይበልጣል። በዚህ መለኪያ ሼናንዶዋ አጠገብ ለመኖር ብሎ ሥራን በሁለት ሰዓት ማራቅ አያዋጣም፤ ለዕረፍት ቀን ያቆዩት።

«ጫካ ለጌይ ሰው ምን ልዩ ጥቅም አለው?» የሚል ጥያቄ ሊነሳ ይችላል። ሁለት ሰዎች አብረው የሚሄዱበት፣ ምንም ሳይገዙ የሚቀመጡበትና መጠጥ የሌለበት ቦታ ነው። በብዙ ከተሞች የጌይ ሰዎች መገናኛ መጠጥ ቤት ብቻ ሆኖ ቆይቷል፤ ለማይጠጣ፣ ለጾመኛ፣ ለሙስሊም ወይም ሌሊት ለሚሠራ ሰው ይህ አይመችም። የእግር ጉዞ ቡድን፣ የአትክልት ቦታ፣ የብስክሌት መንገድ ያለው ከተማ ለእነዚህ ሰዎች ሌላ በር ይከፍታል።

ደረጃ 6፦ ከተሞቹን ጎን ለጎን ያስቀምጡ

ታኮማ ፓርክ በሕግና በጎረቤት ረገድ ከፊት ናት። በ1883 ከባቡር ሐዲዱ ጎን ለከተማ ሠራተኞች የተቆረቆረች ናት፤ ሜትሮ በ1978 ደርሷታል፣ መሀል ዋሽንግተን 20 ደቂቃ ያህል ነው። ከ2007 እስከ 2015 ከንቲባዋ የነበሩት ብሩስ ዊሊያምስ ጌይ መሆናቸውን በይፋ የተናገሩ ሰው ናቸው። የአሜሪካ ዜግነት የሌለው ነዋሪም በከተማዋ ምርጫ ድምፅ ይሰጣል፤ ከ1985 ጀምሮም ስደተኞችን ለመጠበቅ የወጣ ደንብ አላት። ስላይጎ ክሪክን ተከትሎ የሚሄደው 16 ኪሎ ሜትር ያህል የእግርና የብስክሌት መንገድ በሯ ላይ ያልፋል። ጉድለቷ በአራተኛው ደረጃ ላይ ይታያል፦ ከሲልቨር ስፕሪንግ አንድ የሜትሮ ጣቢያ ብቻ ነው የምትርቀው። ለቤተሰቡ ተናግሮ ለጨረሰ ሰው ይህ ጥቅም ነው፤ ላልተናገረ ግን ቀጭን ግድግዳ ነው።

ግሪንቤልት በ1937 የፌዴራል መንግሥት በጫካ ቀለበት ውስጥ የሠራት የሠራተኞች ከተማ ናት፤ የአረንጓዴው ሜትሮ መስመር ማብቂያ ነች፣ ከ1,000 ኤከር በላይ የሆነ ድንኳን የሚተከልበት ጫካም አላት። በማኅበር የተያዙት አሮጌ ቤቶቿ ቤት ለመግዛት አቅሙ ጠባብ ለሆነ ሰው ሊታዩ የሚገባቸው ናቸው። ስትመሠረት ግን ጥቁር አታስገባም ነበር። ይህን ማንሳቱ ዛሬ ያለውን ነዋሪ ለመክሰስ አይደለም፤ ጌይ የሆነ ኢትዮጵያዊ ጥቁርም ስደተኛም ስለሆነ፣ «ለጌይ ይመቻል» የተባለ ከተማ ለጥቁር እንዴት እንደሆነ ለብቻው መጠየቅ አለበት ለማለት ነው። ሬስተን በቨርጂኒያ የተቆረቆረችው በ1964 ነው፤ ስቴቱ ገና በዘር በተከፋፈለበት ጊዜ መሥራቿ ሮበርት ሳይመን ከመጀመሪያው ለሁሉም ዘር ክፍት አደረጓት። ሐይቆችና 88 ኪሎ ሜትር ያህል የእግር መንገድ አላት። በ2022 ሜትሮው ደለስ አየር ማረፊያ ስለደረሰ፣ እዚያ ለሚሠራ ሰው መንገዱ አጭር ነው፤ ለመሀል ከተማ ሠራተኛ ግን 45 ደቂቃ ገደማ ይሆናል፣ ኪራዩም ውድ ነው። ፍሬድሪክ በተፈጥሮና በርቀት ታሸንፋለች፣ ፍሬድሪክ ሴንተር የተባለ ለጌይና ለትራንስ ሰዎች ድጋፍ የሚሰጥ ድርጅትም አላት፤ የምትመቸው ግን ሥራው እዚያው ወይም በመንገዱ አጋማሽ ላይ ለሆነ፣ መኪናም ላለው ነው። በእነዚህ መለኪያዎች ለቤተሰቡ ላልተናገረ፣ በዲሲ በፈረቃ ለሚሠራ ሰው ግሪንቤልት ትቀድማለች፤ ለተናገረ ሰው ታኮማ ፓርክ፤ ለደለስ ሠራተኛ ሬስተን።

ደረጃ 7፦ ሄደው ይፈትኑት

አንድ ጊዜ በሥራ ቀን ማታ፣ አንድ ጊዜ በእሑድ ጠዋት ይሂዱ፤ የሚቻል ከሆነ አንዱ በክረምት ይሁን። በፕራይድ በዓል ሰሞን ብዙ ከተማ ባንዲራ ይሰቅላል። ቤተ መጻሕፍቱ ገብተው የማስታወቂያ ሰሌዳውን ያንብቡ፤ በሰኔ ወር ብቻ ሳይሆን በየካቲትም የሚገናኝ ቡድን አለ ወይ? ክሊኒኩ ደውለው «ፕሬፕ ትሰጣላችሁ?» ብለው ይጠይቁ። ከኤችአይቪ የሚከላከል መድኃኒት ነው፤ ባይፈልጉትም ጥያቄው ራሱ ፈተና ነው። ስልክ ያነሳችው ሠራተኛ ሳትደናገጥ ቀጠሮ ከሰጠች ክሊኒኩ እንደ እርስዎ ያለ ታካሚ ያውቃል ማለት ነው። ካመነታች ደግሞ በዲሲ ከ1970ዎቹ ጀምሮ ለጌይና ሌዝቢያን ሰዎች የሚያገለግለው ዊትማን ዎከር ምን ያህል እንደሚርቅ ይቁጠሩ። ለአከራዩ ቢሮ በኢሜይል «ከወንድ ጓደኛዬ ጋር» ወይም «ከሴት ጓደኛዬ ጋር እንኖራለን፣ በሁለታችን ስም ውል ይሰጣል?» ብለው ይጻፉ። መልሱ በጽሑፍ መሆኑ ኋላ ላይ ማስረጃ ይሆናል።

ደረጃ 8፦ በገቡ ሳምንት ወረቀትዎን ያስተካክሉ

ጥገኝነት ጠይቀው የሚጠብቁ ወይም ገና ዜጋ ያልሆኑ ከሆነ፣ አድራሻ ሲቀይሩ በ10 ቀን ውስጥ ለኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቱ ማሳወቅ ግዴታ ነው፤ ጉዳይዎ ኢሚግሬሽን ፍርድ ቤት ካለ ደግሞ ለፍርድ ቤቱ ለብቻው በ5 ቀን ውስጥ ያሳውቃሉ። የቀጠሮ ደብዳቤ በድሮው ቤዝመንት አድራሻ ሄዶ ሰው ሳይቀርብ ቢቀር ጉዳዩ በሌለበት ይወሰናል፤ ፖስታውን የሚከፍተውም የድሮው አከራይ ነው። ገና ካላመለከቱ፣ የጥገኝነት ማመልከቻ በመደበኛው አሜሪካ ከገቡ በ1 ዓመት ውስጥ መቅረብ እንዳለበት አይርሱ፤ የቤት ፍለጋው ከጠበቃው ቀጠሮ አይቅደም።

ሁለተኛው ወረቀት የሕክምና ውክልና ነው። ካልተጋቡና ራስዎን ስተው ሆስፒታል ቢገቡ ስለ እርስዎ የሚወስነው የሥጋ ዘመድ ሊሆን ይችላል፤ አብሮዎት የሚኖረው ሰው ኮሪደር ላይ ሊቀር ይችላል። ሜሪላንድ ውስጥ ቅጹ ነፃ ነው፣ ሁለት ምስክር ይበቃል፣ የሚወክሉት ሰው ግን ምስክር መሆን አይችልም። በተመሳሳይ መንገድ ስለ ቀብርዎ የሚወስነውን ሰው በጽሑፍ ማመልከት ይቻላል። ሰው ሲሞት እዚህ ያለው ዕድርም ሆነ ወሎ ያለው ቅሬ በደግነት ይሰበሰባል፣ ገንዘብ ያዋጣል፣ አስከሬን ይልካል። ወረቀት ከሌለ ግን ለዓመታት አብሮዎት የኖረውን ሰው ማንም «ምን ትላለህ?» አይለውም። ውክልናውን አንድ ቅጂ ከሐኪምዎ፣ አንድ ከጠበቃዎ፣ አንድ ከሚወክሉት ሰው ጋር ያኑሩ።

ውሉን ለ1 ዓመት ብቻ ይፈርሙ። ዓመቱ ሲሞላ ሦስት ነገር ይመልከቱ፦ ፈረቃዎ ተቀይሯል? ለቤተሰብ ተናግረዋል? የስቴቱ ሕግ ተለውጧል? ከሦስቱ አንዱ ከተለወጠ ትክክለኛው ከተማም ሊለወጥ ይችላልና ከደረጃ 1 ይጀምሩ። ምንም ካልተለወጠ ቤቱን ያድሱ፣ ለወንዙም ጊዜ ይስጡ።